በቀን ስድስት ጊዜ ቁጢጥ

ካርቱም ውስጥ እኔ የማልታወቅበት በር የለም። ከሲጅን፣ ከእስር ቤት ማለቴ ነው፣ የወጡ የአገሬን ልጆች፣ አንድ ሺህ ሴት፣ ሥራ አስገብቻለሁ። ባለ ሻይ ቤቷ ብርቅነሽ ሰባት ናቸው ትላለች፤ እሷ መቼም ቁጥር አይሆንላትም።

ስሜ ሻምበል ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም እንጂ ማዕረግ አይደለም። ለሱዳኖቹ ስተረጉመው ግን «ነቂብ» እላቸዋለሁ፤ ነቂብ ደግሞ መኮንን ነው። ትርጉሙ ትክክል ስለሆነ ኃጢአት የለውም። የምነዳው ራክሻ ነው፤ በኛ አገር ባጃጅ የሚሉት። በአንድ እጁ ራክሻ እየነዳ በሌላው ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ሰው ከእኔ ሌላ በዴም ሰፈር አልታየም።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ሊመጣ ዓመት ሲቀረው ነው። ሙቀቱ ሃምሳ ሰባት ዲግሪ ገብቶ ነበር፤ ሰው ሰላምታ መስጠት እንኳ የሰለቸው ጊዜ። ብርቅነሽ ዴም ካላት ሻይ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አላት። ከሲጅን የሚወጡ ሴቶች ሥራ እስኪያገኙ እዚያ ያድራሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም ብለው ይተኛሉ፤ ማንም አይቀሰቅሳቸውም። ትርንጎም ተኛች። የወሎ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። በድብቅ አረቄ የሚወጣበት ቤት ልብስ ስታጥብ ተይዛ አሥራ አራት ወር ታስራለች።

አንድ ነገር አልለቅ አላት። እሷ በነበረችበት ጠዋትና ማታ «ተማም» የሚሉት ቆጠራ አለ። ስም ሲጠራ ባሉበት ቁጢጥ ነው፤ እጅ ጉልበት ላይ፣ ዐይን መሬት ላይ፣ ቆጣሪው እስኪያልፍ። ታዲያ ከወጣችም በኋላ ስሟን ጮክ ብሎ የጠራት ካለ ዱብ ትላለች። ሻይ በእጇ ይዛም ቢሆን ዱብ። ብርቅነሽ በዚያ ቤት ማንም እንዳይጮህ ከለከለች፤ በተለይ እኔን። በሦስተኛው ሳምንት ትርንጎ አምስት ቀን ሙሉ ቁጢጥ ሳትል ዋለች።

ያን ጊዜ ነው ሥራ ያገኘሁላት። ሳጃና ሰፈር የምትኖረው ሐጃ ሉጥፊያ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን የምታጥብና የምታበላ ሴት ትፈልጋለች። ዋናው ነገር ደግሞ ለሠራተኛዋ ኢቃማ ታወጣለች። ትርንጎ የመኖሪያ ወረቀት ካላገኘች በሚቀጥለው አፈሳ ተመልሳ መግባቷ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ራክሻው ውስጥ «ጋሼ ሻምበል፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ካለችኝስ?» አለችኝ።

«አንቺ ዝም በይ። አፍ የተሰጠው ለኔ ነው።»

ሐጃ ሉጥፊያ ከበረንዳዋ ላይ «አህለን ነቂብ!» ብላ ተቀበለችኝ። የትርንጎን ፓስፖርት ቅጂ አነበበችና ሆሹን፣ ሰፊ ግቢዋን፣ አሻግራ ተጣራች፦ «ቲሪንጎ!»

ትርንጎ በሩ ሥር ዱብ አለች።

«ደህ ሹኑ?» አለች ሐጃ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

አንዲት ሰከንድ አላሰብኩም። «ሐጃ፣ ይሄ ክብር ነው! በወሎ የባላባት ልጅ እንዲህ የምትቀመጠው ለንግሥት ብቻ ነው። እኔ ራሴ በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

ሐጃ የተጠቀለለችበትን ቶብ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ማሻአላህ» አለች። ትርንጎ በዚያው ቀን ሥራ ጀመረች። ዴም ተመልሼ ታሪኩን ሳወራ ሻይ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ብርቅነሽ ግን አልሳቀችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሰዓት ላይ ብርቅነሽ የላከችላትን ልብስ ይዤ ሄድኩ። ሆሹ ውስጥ ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበዋል። ሐጃ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራቻት። ትርንጎ ከወጥ ቤት ወጥታ እንግዶቹ መሐል ቁጢጥ አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አንዷ በስልኳ እየቀረጸች «ታኒ! ታኒ!» አለች፤ ድገሚው ማለቷ ነው።

በኋላ በሩ ላይ አገኘኋት።

«እንዴት ነሽ ትርንጎዬ?»

«እዚያ በቀን ሁለቴ ነበር ጋሼ። እዚህ ስድስቴ ነው።»

«ይለቅሻል እኮ፣ ቀስ በቀስ...»

«ለቆኝ ነበር።» ልብሱን ከእጄ ወሰደች። «እንቢ እንዳልል ጉልበቴ አይሰማኝም። ስሜ ሲጠራ እኔን ጥሎ እሱ ይቀድማል። ሥራው አልከበደኝም፤ አሮጊቷም ደግ ናቸው። ቆሜ ልሥራ። ያሉትን ራስዎ ይመልሱት።»

«እውነቱን ነግሬያት ብታባርርሽስ?»

«ታባርረኝ» ብላ ገባች። ወዲያው ተመልሳ ብቅ አለች። «እንዳታባርረኝ አድርገው ይንገሯት።»

ለብርቅነሽ ነገርኳት። ብርጭቆ ከማጠብ ቀና አላለችም። «ንግሥት አልክ አይደል? በል ንግሥቲቱን ሄደህ አናግራት። ያላ!»

በማግስቱ ሳጃና እስክደርስ አሥራ አንድ ውሸት አዘጋጀሁ። የተሻለውን መረጥኩ። «ሐጃ፣ ያ ክብር ለሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ካለፈ በኛ አገር ነውር ነው።»

«እሺ፣ ይቁም» አለች። «ግን ሐሙስ እህቴ ከመደኒ ከተማ ትመጣለች። እሷ አንዴ ትይ።» ይህን ብላ ዞረችና «ቲሪንጎ! ሻይ ለነቂብ!» አለች።

ትርንጎ የአሮጊቷን መታጠቢያ ውሃ በሳፋ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ነበር። ቁጢጥ አለች። ውሃው በሙሉ እላይዋ ላይ ፈሰሰ። ቀሚሷ ከእግሯ ጋር ተጣብቆ፣ ዐይኗ መሬት ላይ። እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሎቹ አሥር ውሸቶች አፌ ላይ ነበሩ። ለአንዱም አቅም አጣሁ።

«ሐጃ፣ ክብር አይደለም። ተማም ነው።»

ሐጃ ትርንጎን አየች፤ ከዚያ እኔን። «የሲጅን ተማም?»

«አሥራ አራት ወር» አለች ትርንጎ። በራሷ ዐረብኛ ነው የመለሰችው፣ እኔን ሳትጠብቅ። ግድግዳውን ይዛ እየተነሳች ነበር። «አልሰረቅኩም። ሰው አልነካሁም። አረቄ ቤት ልብስ አጥብ ነበር።»

ሐጃ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ሴቶቹ አጨበጨቡ እኮ» አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ፊቷን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። «ልብስሽን ቀይሪ። ለእማም ሌላ ውሃ አምጪላት፤ እየጠበቀች ነው። እሁድ ቢሮ ሲከፈት ለኢቃማሽ አብረን እንሄዳለን።»

ትርንጎ ሳፋውን አንስታ ገባች።

ሐጃ ወደ እኔ ዞረች። «አንተን ግን በዚህ በር ሁለተኛ እንዳላይህ።»

ዴም ስደርስ ብርቅነሽ ደጅ ቆማለች።

«አባረረቻት?»

«አላባረረቻትም።»

«አንተንስ?»

«እኔን አዎ።»

«እሰይ» አለችና ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ራክሻው ጥላ ሥር ተቀምጬ አንድ በርሜል ጠጣሁ።