ሽፋሽፍትና አለንጋ

ማይክሮስኮፑ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። የሳይንስ መምህር የነበሩት የእሷና የወንድሟ አባት፣ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በውሰት ወደ ቤት አምጥተውት፣ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ መስኮቱ ሥር እንደቆመ ቀረ። ዛሬ ወንድሟ ሊመልሰው መኪናውን አስነስቶ ደጅ ይጠብቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ» አለ በመስኮቱ።

«አንዴ ብቻ ልይበት። ምን አጣደፈህ?»

ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ያመጡት አበባ ከጠወለገ ሰንብቷል። ውሃውን ግን ሆን ብላ አልደፋችውም። አባቷ የከረመ የአበባ ውሃ ይወዱ ነበር፤ «ይሄ እኮ የደቃቅ ፍጥረታት መንደር ነው» ይሉ ነበር። ጠብታ ወስዳ መስታወቱ ላይ አኖረችና አጎንብሳ ታይ ጀመር።

ልጆች ሳሉ አባታቸው እነዚህ ፍጥረታት በምን እንደሚዋኙ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያስረዷቸው ነበር። ጣቶቻቸውን ተራ በተራ እያርገበገቡ «ሽፋሽፍቶቹ አጫጭርና ብዙ ናቸው፤ ታንኳ እንደሚቀዝፉ ሰዎች እየተቀባበሉ ይቀዝፋሉ» ይላሉ። ቀጥለው የእሷን ሹሩባ ጫፉን ይዘው ያውለበልቡታል። «አለንጋው ደግሞ ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ብቻ። እየተጥመለመለ ባለቤቱን ይነዳል።» በዚያው ስም ወጣላቸው። ያለ ጓደኞቹ ከደጅ የማይወጣው ወንድሟ ሽፋሽፍት፣ ብቻዋን መሮጥ የምትወደው እሷ አለንጋ። ሲጣሉ ደግሞ «ውስጣቸው ቢታይ አሠራራቸው አንድ ነው፤ በሉ ታረቁ» ይሏቸው ነበር።

አንድ ባለ አለንጋ ፍጡር ጅራቱን እያወዛወዘ ሲያልፍ አየች። የጫማ ሶል የመሰለው ሽፋሽፍታሙ ግን ብቅ ሲል ሽው ብሎ ይጠፋል። ደጋግማ ሞከረች። አባባ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር፤ ሳታየው ማይክሮስኮፑን ልትመልስ ነው።

ወንድሟ ሞተሩን አጥፍቶ ገባ።

«ምን ሆነሻል?»

«ይሮጥብኛል። አልያዝ አለኝ።»

«ጥጥ አድርገሻል? አባባ ሩጫውን በጥጥ ነበር የሚገቱት።»

ቀና ብላ አየችው። አባታቸው ሲያስረዱ በመስኮት ኳስ ሲያይ ያደገ ልጅ ነው።

«አንተ ደግሞ መቼ ሰምተህ?»

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መስኮት ላይ አልነበረም።»

ከመድኃኒት ሳጥኑ ጥጥ ቆነጠረ፤ በጣቱ አሳስቶ ጠብታዋ ውስጥ ጣለው። እሷ እንደገና አጎነበሰች። ፍጡሩ በጥጡ ክሮች መሃል ታጥሮ ቆሟል፤ ዙሪያውን ሽፋሽፍቶቹ እየተቀባበሉ ይርገበገባሉ፤ ልክ እንደ አባባ ጣቶች።

ወንበሩን ለቀቀችለት። ወንድሟ ተቀመጠ። ዓይኑ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተተከለ፣ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተራ በተራ ይርገበገቡ ጀመር።

«ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው አላልክም?» አለችው።

«ነገ ይከፈት የለ። ዝም በይ አለንጋ፣ እንዳያመልጠኝ።»