ትንፋሽ ቆጣሪዋ

አናጢው ለቁጣው መድኃኒት ይሆንሃል ተብሎ፣ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ማዳመጥ ጀመረ። ሚስቱ ግን አላመነችውም። «ተመስጦ ይላል እንዴ! እንቅልፉን ነው የሚለጥጠው» አለች። ሲያንኮራፋ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው፣ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ወር አለፈ።

አንድ ቀን የእንጨት መለኪያ ሜትሩ ጠፋበትና ቤቱን በጩኸት ቀወጠው። «ይኸው! ጠብ ያለ ነገር የለም» አለች በልቧ፤ ሜትሩንም ከኋላ ኪሱ አውጥታ ቀስ ብላ አስያዘችው።

ልጃቸው አፏን ከፍታ ቀረች። «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ? ድሮ እኮ እሱ አንድ ሲል አንቺ አስር ነበር የምትመልሺው። ከጮኽሽ ወር ሆነሽ!»

ሴትየዋ ክው አለች። ከዚያ ዞራ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ በጥርጣሬ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገኸኝ ነው?»