በአማካይ ደህና ነው

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ አጭር ነበር። ደንበኛው አርባ የሰዓት ካርዶችን መልሷል፤ ጥፋቱ ካርዶቹን ለክታ ያሳለፈችው የለኪዋ ነው፤ ከእንግዲህ አንድ ቢመለስ ትሰናበታለች። ለኪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ካርዶቹ ስልክ ጣቢያ ውስጥ የሚገጠሙ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ናቸው፤ በየመቶ ናኖሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ፣ ምት ይሰጣሉ። ምቱ ቀደም ወይም ዘግየት ሲል የሰው ንግግር እየተቆራረጠ ይሰማል። ያንን መዋዠቅ ድግግሞሽ ቆጣሪ በሚባል መሣሪያ የምትለካው እሷ ናት። አምና ግን ደብዳቤውን የጻፈው ኃላፊ፣ ድፍን ቁጥር ስለሚወድ ሠራተኛው «ጋሼ ድፍን» የሚለው፣ ቆጣሪው የሺህ ልኬት አማካይ ብቻ እንዲያሳይ አዘዘ። መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች እየዘለሉ ዓይን ያደክማሉ አለ። «የሚዘለው እኮ በሽታው ነው» ብትለው አልሰማትም።

አሁን አማካዩን አጠፋችው። ከተመለሱት አንዱን ካርድ ግማሽ ሰዓት አብርታ አሙቃ፣ ሺህ ጊዜ ለክታ፣ ልኬቶቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ ቆጣሪውን ጠየቀችና ኃላፊውን አስጠራችው።

«የተፈቀደው መዋዠቅ ሁለት መቶ ፒኮሰከንድ ነው። ይኸው፣ ስምንት መቶ ሰባ።»

«በአማካይ ግን ደህና ነበር!»

«እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ፣ እርስዎ ግማሽ ሰዓት አርፍደው ይገባሉ። በአማካይ ሁለታችንም በሰዓታችን ገብተናል ማለት ነው?»

ጥግ ላይ ካርድ የሚበይደው ሠራተኛ ሳቁን በሳል አፈነው። ኃላፊው ወንበር ስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ደብዳቤውን እቀደዋለሁ። አንቺም አማካዩን መልሺና አርባውን እንዳለፉ አድርገሽ እንደገና ፈርሚ። ቤተሰብ አይደለን?»

«ደብዳቤውን ሲጽፉ ቤተሰብነቱ የት ሄዶ ነበር? ደንበኛው ፊት የሚቀርበው የእኔ ስም ነው፣ የእርስዎ አይደለም!»

ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። የልኬት ቅጹን ስባ «870 ፒኮሰከንድ፤ አላለፈም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «የቀድሞው ልኬት በኃላፊው ትእዛዝ አማካይ ብቻ ነበር» ብላ ጨመረችና ፈረመች።

«ይሄ ለደንበኛው ይሄዳል እኮ!»

«ይሂድ እንጂ።»

የቆጣሪውን ገመድ ከካርዱ ነቅላ ሁለተኛው ላይ አጥብቃ አሰረችው። ኃላፊው ቅጹን አየ፣ እሷን አየ፤ ወንበሩን ግን ለቆ አልተነሳም።

«ገና ሠላሳ ዘጠኝ አለ» አለችው ሳታየው። «ከፈለጉ ቁጭ ብለው ይጠብቁ።»