ሰባት ጊዜ ያንኳኳው ሰው

ቪልከ የፕሮፌሰሩን ካፖርት ተቀብሎ ሊሰቅል ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አሉኝ?»

«ዛሬ አስነሳዋለሁ ነው ያልኩዎት» አሉ ፕሮፌሰር ሁጎ ማርክቫልት፣ በትንሿ መስታወት ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። «ትምህርቱን ስጨርስ፣ ያ ሰው እዚህ ካለ እባክህ ተነስ እላለሁ። የማስተማር የመጨረሻ ቀኔ አይደል? ዛሬ ካላመሰገንኩት መቼ ላመሰግነው ነው?»

የአራት ሰዓቱ ደወል ተደውሏል፤ እንደ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ግን ከመግባታቸው በፊት ገና አሥራ አምስት ደቂቃ አላቸው። ከበሩ ማዶ አዳራሹ ሰው ሲሞላ፣ አግዳሚው ሲንቋቋ ይሰማል። ቪልከ ካፖርቱን እንደታቀፈ ቆመ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት አዳራሾች ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ሰሌዳ ሲያጸዳ፣ የተሰበረ ሲጠግን የኖረ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው።

የ«ያ ሰው»ን ታሪክ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1933 የጸደይ ወራት፣ ማርክቫልት ገና የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሳሉ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። እዚህ ተማሪ አያጨበጭብም፤ ደስ ሲለው ዴስኩን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ሲከፋው ወለሉን በጫማው ይፍቃል። የዚያን ዕለት ቡናማውን የናዚ ሸሚዝ የለበሱት ልጆች፣ መምህራቸው አይሁዳዊ ስለሆኑ ብቻ፣ በአንድነት ይፍቁ ጀመር። ማርክቫልት «ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ለማን ነው የሚናገረው?» ብለው ጠይቀው ነበር። መልሱን መናገር አልቻሉም፤ ድምፃቸው በጫማ ተዋጠ። ወረቀታቸውን ሰብስበው ሲወጡ ከወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ፍቀት መሃል፣ አንድ ሰው አንኳኳ። ቆጠሩት፤ ሰባት ጊዜ ነበር። ዞር ብለው ሊያዩት ሞከሩ፤ ነገር ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበርና ማንንም አልለዩም።

በሦስተኛው ሳምንት የስንብት ደብዳቤ መጣ። ከሚስታቸው ከክላራ ጋር ወደ ኢስታንቡል ተሰደዱ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው አስተርጓሚው ወደ ቱርክኛ እስኪመልሰው እየጠበቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ። ተስፋ በቆረጡ ቁጥር ያቺ ኳኳታ ትመጣላቸዋለች። በዓለም ያስጠራቸው መጽሐፍም እዚያው ተጻፈ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ላንኳኳው» ከሚል ቃል በቀር ሌላ የለም። ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ ብሎ ሲጽፍላቸው ክላራ ተቆጣች። «ለእነዚያ ጫማዎች ብለህ ነው የምትመለሰው?» አለቻቸው። «ለዚያች ጣት ብዬ ነው» አሏት።

ከተመለሱ ወዲህ አራት ሰዎች እኔ ነኝ ብለዋቸዋል። አንዱ ዳኛ ነበር፤ አንዱ ጭራሽ ወይን ጠጅ ይዞ ቤታቸው መጣ። ሁሉንም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስንት ጊዜ አንኳኳህ? ቁጥሩን ለክላራ እንጂ ለማንም ነግረው አያውቁም፤ አንዳቸውም አልመለሱትም።

«ይቅር ይበሉኝ ፕሮፌሰር፤ አያስነሱት» አለ ቪልከ።

«ለምን?»

«ይነሱልዎታላ! አንድ ብቻ መሰለዎት? ያኔ በጫማው ሲፍቅ የነበረ ሁሉ ዛሬ ሲያንኳኳ ነው ትዝ የሚለው። ማን ማን እንደሚነሳ ከነመቀመጫው ልንገርዎት?»

«እውነተኛውስ ካለ?»

ቪልከ ወደ ወለሉ አየ። «እውነተኛው አይነሳም። ድሮም ቆሞ ነው፤ ካፖርትዎን ይዞ።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ከክራቫታቸው አወረዱ። «ስንት ጊዜ?» አሉ።

«ሰባት። ግን እንዳሰቡት አይደለም። የመጨረሻው ረድፍ ዴስክ ሽብልቁ ወልቆ፣ ከስር ገብቼ በጡጫዬ እየመታሁ ሳስገባ ነበር። ልጆቹ እንኳን ዞረው አይተው ሳቁብኝ። ኋላ መጽሐፍዎ መጣ፤ የመጀመሪያዋን ገጽ አነበብኩ። ምን ልበልዎት? ለሽብልቅ ነው የጻፉት ልበል?»

ማርክቫልት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ባሕር ያሻገራቸው፣ ወደዚህች ከተማ የመለሳቸው፣ አንዲት የእንጨት ቁራጭ ናት። ሊስቁ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። ቪልከ ሰዓቱን አየና ቀስ ብሎ በሩን ከፈተላቸው።

አዳራሹ እስከ ደረጃው ሞልቷል። ክላራ ከፊት ረድፍ አረንጓዴ ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ማርክቫልት አትሮኖሱን ያዙ። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የምስጋና ወረቀት አላወጡትም።

«ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ለማን ነው የሚናገረው ብዬ ጠይቄ ነበር» ብለው ጀመሩ። «መልሱን ሳልነግራችሁ ስለዘገየሁ ይቅርታ።» አዳራሹ ሳቀ። «ቢያንስ አንድ የሚሰማው እንዳለ ስለሚያምን ነው የሚናገረው። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። እየተሳሳተም ግን ይኖራል።»

ይህን ሲናገሩ የኢስታንቡሉ ብርድ፣ የአስተርጓሚው ትዕግሥት፣ ክላራ በየማለዳው የምትቀዳላቸው ሻይ ትዝ አላቸው። ያ ሁሉ ሙቀት ከሽብልቅ ቢመጣስ? ሙቀቱ ሙቀት ነበር። ውስጣቸው በምስጋና ሞላ፤ ለማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም።

«የማመሰግነው ሰው አለ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲነሳ አልጠይቅም።» በሁለተኛው ረድፍ ዴስኩን ተደግፎ ብድግ ሊል የነበረ አንድ ሽበታም ሰው ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ማንኳኳት ጀመረ፤ ቆይቶም አላባራ አለ። ክላራ በጓንቷ ታንኳኳ ነበር።

ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ማርክቫልት ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው መጨረሻው ረድፍ ደረሱ። ቪልከ መስኮት ይከፍታል። ከዴስኩ ስር እጃቸውን አስገብተው ዳበሱ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት። እስካሁን አልተነቃነቀችም።»

«ቪልከ፣ ለመሆኑ አንድ ሽብልቅ ስንት ምት ይበቃዋል?»

«ሁለት» አለ ቪልከ፣ ሳያስብ። ከዚያ እጁ የመስኮቱ መያዣ ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሦስት።»

«ሁጎ!» አለች ክላራ ከታች፣ «ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?»

ፕሮፌሰሩ ወደ ታች በእጃቸው ቆይ አሏት። በተማሪው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዴስኩን ማንኳኳት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ አላቆሙም።