ስኳሩ ሲወርድ

ጥቁሮቹ ልጆች በአሜሪካዋ ሳቫና ከተማ ነጭ ብቻ የሚስተናገድበት ምግብ ቤት ቅዳሜ ገብተው፣ ለተቃውሞ በዝምታ ሊቀመጡ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስድብና ጥቃት መታገስን ይለማመዳሉ፤ ተቆጥቶ እጁን ያነሳ ልጅ አይሄድም። ከልጆቹ አንዷ በሆነችው በቨርዴል ፊት ነጩን ሰውዬ ሆኖ የቆመው አጎቷ ሩፈስ ነበር።

«ማን ተቀመጪ አለሽ፣ አንቺ ጥቁር! ውጪ!» ብሎ ከጠረጴዛው ያነሳውን የስኳር ዕቃ አናቷ ላይ ገለበጠባት።

ስኳሩ ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ እያብለጨለጨ ቀስ ብሎ ወረደ። ቨርዴል በሕልም እንዳለች ሁሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ አየችው። ቀጣዩ ስድብ ግን አልመጣም። ቀና ስትል አጎቷ የስኳሩን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ መልሶታል።

«አልችልም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት» አለ።

«ቀጥል እንጂ አጎትዬ» አለችው በሹክሹክታ፤ «የቅዳሜው ሰውዬ አያዝንልኝም።»

ሩፈስ ዓይኑን ጠርጎ የስኳሩን ዕቃ አነሳ።