የድንቅቱ ባለ ታኮ ጫማ

ገቢሳን ከክፍል ውስጥ የወሰዱት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። አምቦ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምር ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ። ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ ተከተላቸው።

ሚስቱ ድንቅቱ እዚያው ከተማ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ወሬውን የነገሯት የግምጃ ቤት ኃላፊው ኦቦ ተሬፋ ናቸው። «እሺ» አለቻቸው። የጀመረችው ደብዳቤ አራት መስመር ይቀረው ነበርና ጨረሰችው። ወረቀቱን ከማሽኑ አውጥታ ስሕተት እንደሌለበት አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ያሰሩት ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ለምን እንደታሰረ የነገራት የለም፤ ስትጠይቅ «ይጣራል» ይሏታል። ምሳ ማቀበል ግን ይፈቀዳል። እሷም በየቀኑ በስድስት ሰዓት ከቢሮ ስትወጣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ዘበኛው ኤጄታ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው። በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ይላትና ዕቃውን ተቀብሎ፣ የትናንቱን ባዶ ይመልስላታል። ከዚህ ሌላ ብዙም አይነጋገሩም።

መጋዘኑ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። እስረኞቹ ምሳቸውን ለመቀበል ለጥቂት ደቂቃ ወደ ግቢው ሲወጡ፣ ቁመት ያላቸው ሴቶች በአጥሩ ላይ አሻግረው ሰዋቸውን ያያሉ። ድንቅቱ አጭር ናት። የመጀመሪያ ቀን ያየችው ቆርቆሮ ብቻ ነው። በማግስቱ ባለ ታኮ ጫማዋን አድርጋ መጣች። ግንባሯና ዓይኖቿ ከቆርቆሮው ጫፍ በላይ ሆኑ። ገቢሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አያትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ያንን ጫማ ሳታደርግ የዋለችበት ቀን የለም።

ጫማው ለሠርጓ የተገዛ ጥቁር ጫማ ነው። እስከዚያ ድረስ ለበዓልና ለሰው ሠርግ ካልሆነ አታደርገውም፤ ያማታል። ድንቅቱ ያን ጊዜ ሞላ ያለች፣ ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ታኮው ወደፊት ስለሚደፋት ክብደቷ ሁሉ ጣቶቿ ሥር ይወርዳል። ቀትር ሳይሆን እግሯ ያብጥና የጫማው ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከጉደር ሠርግ ሲመለሱ ጫማውን በእጇ ይዛ በካልሲ ስትሄድ፣ ገቢሳ ሥቆ ሥቆ «እግርሽን እዚያው ትተሽው መምጣት ነበረብሽ» ብሏታል።

ታኅሣሥንም ጥርንም በሕመም ነው የተመላለሰችው። ከቢሮ እስከ መጋዘኑ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ኮረት የበዛበት። ማታ እግሯን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ትነክራለች። ሕመሙን አትጠላውም ነበር፤ ቢያንስ የት ቦታ እንደሚያማት ታውቃለች።

መብላት ልተው ብላ አልተወችም። ለገቢሳ ትሠራለች፣ ትቋጥራለች፣ የቀረውን አቅርባ ትቀመጣለች። አንድ ጉርሻ ትጎርስና ታኝካለች፤ ስታኝክ ትቆያለች። ከዚያ ገበታው እንዳለ ይነሣል። አልራባትም፤ አላስጠላትምም። እንዲሁ ሲነሣ ሲቀመጥ የካቲት አለፈ።

በመጋቢት አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ደርሳ ቆም ስትል፣ እግሯን እንዳላመማት አስተዋለች። ጎንበስ ብላ አየችው። እብጠት የለም። በጫማውና በእግሯ መካከል ጣቷን አስገባች፤ ገባ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ጫማው ለእግሯ የተሠራ መሰለ። ቀን ሙሉ አድርጋው ትውላለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ አቀበቱን ትወጣለች፤ ምንም የለም። የቢሮ ሰዎች «አምሮብሻል፣ ቀለል ብለሻል» ይሏታል። «አመሰግናለሁ» ትላለች። ኦቦ ተሬፋ ግን አንድ ጠዋት ግምጃ ቤቱ ውስጥ የምርጥ ዘር ሚዛኑ ላይ አቆሟት። ከዓመት በፊት ለጨዋታ እዚያው ሚዛን ላይ ወጥታ ሰባ አንድ ኪሎ ነበረች። ኦቦ ተሬፋ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስተካክለው አነበቡ።

«አርባ ዘጠኝ» አሉ።

«እሺ» አለች፤ ወርዳ ወደ ማሽኗ ሄደች።

ሚያዝያ ላይ ጫማው ይወልቅባት ጀመር። ስትራመድ ተረከዟ ከውስጡ ይወጣና መልሶ ጧ ይላል። ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ጥጡ ወደ ጫፍ ተሰበሰበ። አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈና ወደቀች፤ ሽሮው መሬት ላይ ፈሰሰ። ኤጄታ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አዙሮ አነሣት።

«ጠፍጣፋ ጫማ የለሽም እንዴ?» አላት።

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«በጠፍጣፋው አይታየኝም።»

ኤጄታ አጥሩን አየ፤ ከዚያ እሷን። 

ከሥራ ስትወጣ ጫማውን ወደገዛችበት ወደ ሐጂ ዓብዱልመጂድ ሱቅ ሄደች። ሐጂ ከደቡብ መጥተው አምቦ ከተቀመጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ነጋዴ ናቸው፤ የሸጡትን ጫማ ራሳቸው ይጠግናሉ። እግሯን በርጩማ ላይ አሳርፈው ለኩ።

«ያን ጊዜ ሠላሳ ሰባት ጠቦሽ ነበር የወሰድሽው» አሉ። «ይሰፋል ብዬሽ ነበር። ጫማው ግን አልሰፋም። እግርም እንደ ፊት ይከሳል፣ ልጄ።»

«ሕመሙ ግን ቀርቶልኝ ነበር፣ ሐጂ።»

«ይቀራል። ሸክሙ ሲቀንስ እግር ያርፋል። ግን ልክ አለው። እዚህ ጣቶችሽ ሥር አላህ የሰጠሽ ሥጋ ነበረ፤ እንደ ትራስ ነው። እሱም ሲያልቅ አጥንትሽ መሬት ይነካል። አሁን አያምሽም?»

ድንቅቱ አሰበች። «አላውቅም» አለች።

ሐጂ ካልሲዋን ዝቅ አደረጉ። ተረከዟ ተልጦ ደም ካልሲው ላይ ደርቋል፤ ከጣቶቿ ሥር ሁለት ቦታ ቆስሏል። ሐጂ ሚስታቸውን ጠሩ። አዴ ሐሊማ ከጓዳ መጥተው ቁስሉን አዩ፤ ለብ ያለ ውሃ አምጥተው አጠቡላት። ድንቅቱ እጃቸው ሲሠራ ትመለከታለች፤ የሌላ ሰው እግር የሚታጠብ ይመስላል።

«መቼ ነው ይህ የሆነው?» አሉ አዴ ሐሊማ።

«አላየሁትም።»

ሐጂ ከስስ ቆዳ ቆርጠው የጫማው ውስጥ አነጠፉበት፣ ከተረከዙ በኩልም ወፍራም ጨርቅ ሰፉለት። አዴ ሐሊማ ቁስሉን ጠቅልለው እንደጨረሱ ገንፎ አቀረቡላት። አጠገቧ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ማንኪያ እስክትውጥ ጠበቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቢሮ ስትወጣ በዚያ በኩል እንድታልፍ አዘዟት፤ እሷም የታዘዘችውን ታደርጋለች። ትቀመጣለች፣ ይሰጧታል፣ ትውጣለች። ጣዕሙን ብትጠየቅ አትናገርም።

በግንቦት መጨረሻ ገቢሳ ከግቢው ጠፋ። ግድግዳው ሥር ሌሎች ቆመዋል፤ እሱ የለም። ኤጄታን ስትጠይቀው ወደ መሬት እያየ «ምሳውን አምጪ ብቻ» አላት። አመጣች። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ ከአጥሩ በላይ አየች፤ አሥራ አንድ ቀን ባዶ ዕቃ ተመለሰላት። አንድ ሰው እየበላው ነው። ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ቤቷ ገብታ ዕቃውን ታጥባለች፣ ለነገ እንዲደርቅ ትደፋዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ፂማም ሰው ቢሮው በር ላይ ቆመ። ድንቅቱ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ሰውየው በሷ ላይ አሻግሮ ኦቦ ተሬፋን እያየ፣ «ድንቅቱ ዛሬ አልገባችም?» አለ።

ድምፁን ታውቀዋለች። እጇ ማሽኑ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ገቢሳ ፊቷን አየ፤ ትከሻዋን፣ እጇን፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን አየ። ሰባት ወር ሙሉ ያየው ግንባርና ሁለት ዓይን ነው። «አሞሽ ነበር?» አላት።

«የለም» አለች። «ጠግበህ ትበላ ነበር?»

«መጨረሻ ላይ ታምሜ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ግማሹን በልቼ ግማሹን ለጓደኞቼ እሰጥ ነበር።»

ኦቦ ተሬፋ ወንበራቸውን ለቀው ወጡ። ሁለቱ አልተቃቀፉም። ከዚያ ድንቅቱ የማሽኑን ልባስ አልብሳ፣ አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

በሳምንቱ አዴ ሐሊማ ዳቦ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ገቢሳ ጓሮ ፀሐይ ላይ ነበር። ወደ ድንቅቱ ጠጋ ብለው፣ «አልሐምዱሊላሂ። እንግዲህ ደስ አለሽ?» አሏት።

«ገና አልደረሰልኝም፣ አዴ» አለች።

አዴ ሐሊማ ዳቦውን ቆረሱ። «ይደርሳል» አሉ። «መንገድ ላይ ነው።»

ገቢሳን ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ አልመለሱትም፤ መስከረም ላይ ሸነን የምትባል ሌላ ከተማ መደቡት። ድንቅቱ ሥራዋን ለቃ አብራው ሄደች። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት አገኙ። እሱ ሌሊቱን ብዙ አይተኛም፤ እሷም አትጠይቀውም። ቀን ያስተምራል፤ እሷ ከቤቱ ጀርባ ድንች ተከለች።

ድንቹ የደረሰ ጊዜ አንድ እሁድ ደጅ ተቀምጠው ይልጣሉ። ገቢሳ ቢላዋውን ሳያቆም፣ «እዚያ አጥሩ ጋ ቆመሽ ምን ታስቢ ነበር?» አላት።

ድንቅቱ እውነቱን ፈለገች። «ምንም» አለች። «አለህ፣ የለህም፤ ይህን ብቻ ነበር የማየው።»

«እኔም ያንኑ ነበር» አለ።

ድንቹን ጥደው እስኪበስል እዚያው ቆዩ። ሲወጣ ገና ይፋጃል፤ ገቢሳ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ጨው ነሰነሰበትና ሰጣት። በላችው። ቆይታ፣ ሳይሰጣት፣ እጇን ዘርግታ ሌላ አነሣች።