አረፋው የጠቆመው ሽንቁር

«ልጄ ዛሬ መኪናውን ከወሰደባት፣ ይቺ ልጅ ዳግመኛ መፍቻ ታነሳ ይሆን?» አያትየው ይህን እያሰቡ ወደ ግቢው ወጡ። የልጅ ልጃቸው፣ የመኪና መመርመሪያው ያወጣው የብልሽት ኮድ «ኦክስጅን ሴንሰር» ስላለ፣ በአጎቷ መኪና ጭስ ውስጥ ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር በአዲስ ቀይራ ነበር፤ የሞተር መብራቱ ግን በማግስቱ እንደገና በራ። አጎቷም «ከእንግዲህ አትነካብኝም» ብሎ ዝቷል።

ልጅቷ ግቢው ውስጥ ከመኪናው ሥር ገብታለች።

«ውጪ በእናትሽ፣ ይፈነዳብሻል!»

«ኧረ እማማ፣ ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!»

በጭስ ማውጫው አየር እየነፋች ቱቦውን የሳሙና ውሃ ስትቀባው፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለው መጋጠሚያ ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«አገኘሁት! በዚህ የገባ አየር ነው ሴንሰሩን ያሳሳተው። እኔ ኮዱን አምኜ ደህናውን ዕቃ ነቀልኩ!»

መጋጠሚያውን ጠግና፣ ኮዱን አጥፍታ፣ ገና እጇን ሳትታጠብ አጎቷ ከች አለ።

«እህሳ ሐኪሟ፣ ዛሬስ ምን ነቀልሽ?»

«ከምታላግጥባት ነድተህ እየው!» አሉት እናቱ።

መብራቱ ሳይበራ አጎትየው ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ወደ ግቢው ተመለሰ። አያትየው ፊት ፊቱን አዩት። እሱ ግን ቁልፉን በልጅቷ ቅባታም መዳፍ ላይ አስቀመጠና፣ መኪናውን ትቶላት በእግሩ ከግቢው ወጣ።